ወንድሜ ዓይኑን የመረጠ ጊዜ

የመጨረሻው ደህና ቀን የገበያ ቀን ነበር። ወንድሜ ምናለ ከእኔ ቀድሞ ሱቁን ከፍቶ ነበር። እንጅባራን ጉም ውጧት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት ድምፁ ይሰማል እንጂ አይታይም። ምናለ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ተቀምጦ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል። ከዚያ በፊት ለብዙ ሳምንታት ክሩን የማስገባለት እኔ ነበርኩ። ያን ጠዋት በአንድ ጊዜ አስገባውና ቀና ብሎ አየኝ።

«አየህ አይደል?» አለኝ።

«አየሁ፣ አያ።»

በእኛ አገር ታላቅ ወንድም አያ ነው የሚባለው። ምናለ ለእኔ ታላቅ ወንድም ብቻ አልነበረም፤ ሥራ ያስተማረኝም እሱ ነው።

ረፋዱ ላይ ከአዘና አንድ ገበሬ መጣ። ለፈረሰኞች በዓል የሚሰፋለት ኮርቻ ነበረው፤ ደርሶ እንደሆነ ሊያይ ነው። ምናለ እያነጋገረው ወስፌውን እንደያዘ አንገቱ ወደ ደረቱ ወደቀ። ገበሬው ሳቀ። «ምነው ጃል፣ እንደ ዶሮ በቀን ትጨፍናለህ?» አለው። ምናለ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ፈረስህ ቆሞ ሲተኛ ዝም ትለዋለህ፤ እኔ ተቀምጬ ብተኛ ምን አጠፋሁ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ያን ቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ እንደዚያ አንገቱ ወድቋል። እኔ የቆጠርኩለት ግን ስፌቱን ነው። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር።

ማታ ሱቁን ዘጋን። ነገ እንተኛለን፣ ከነገ ወዲያ ግላሱን እንቆርጣለን አለኝ። ግላስ ከኮርቻው ላይ የሚደረብ ያጌጠ ጨርቅ ነው። እሱ ወደ ቤቱ፣ እኔ ወደ ኪራይ ክፍሌ ሄድን። ከዚያ በኋላ ሲናገር አልሰማሁትም።

አሁን ኮርቻ አልሰፋም። የባጃጅ ወንበርና ሸራ ነው የምሰፋው፤ እዚያው እንጅባራ፣ መናኸሪያው አጠገብ። የድሮ ደንበኞች ሲያገኙኝ ለምን ተውከው ይሉኛል፤ መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ስላልሆነ ጻፍኩት። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ወደ ሥራ የገባሁት። ድርሰት ላይ ጎበዝ አልነበርኩም። ስለዚህ እንደመጣልኝ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ዳንግላ ነው። ምናለ እዚያ ጋሽ ሰይድ ዘንድ ይሠራ ነበር። ጋሽ ሰይድ የጋሪ ፈረስ ዕቃ ሰፊ ናቸው፤ የደረት ጠፍር፣ የሆድ ማሰሪያ፣ ልጓም። ሱቃቸው ጠባብ ስለሆነች ቆዳው የሚነከረው ውጭ በርሜል ውስጥ ነው። ደመወዝ በሳምንት ይከፍሉን ነበር። ብዙ አልነበረም፤ ቀርቶብን ግን አያውቅም።

መጀመሪያ የተማርኩት ክር በሰም ማሸት ነው። ቀጥሎ በወስፌ መብሳት። ቀዳዳው ከክሩ ጠበብ ማለት አለበት፤ ሰፊ ከሆነ ዝናብ ይገባና ቆዳው ከውስጥ ይበሰብሳል። ከዚያ በሁለት መርፌ መስፋት፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ በአንድ ቀዳዳ እየተላለፉ። ጥቁር ክር በጥቁር ቆዳ ላይ ሲሰፋ ዓይን ይፈልጋል። ምናለ ሲሰፋ በአዊኛ ይቆጥር ነበር። ከሰው ጋር በአማርኛ እያወራም እጁ በአዊኛ ይቆጥራል። እንዴት እንደሚችልበት ጠይቄው፣ «አፌ የገበያ ነው፣ እጄ የእናቴ ነው» አለኝ።

ጋሽ ሰይድ ፈረሱን ሳያዩ ዕቃ አይሰፉም። ባለጋሪው ልኩን በገመድ ለክቶ ቢያመጣላቸው ገመዱን መልሰው ይሰጡታል። ፈረሱ ሲመጣ አሮጌውን ዕቃ ያስወልቁና ጀርባውን በመዳፋቸው ቀስ ብለው ይዳስሱታል፤ የሚሞቅ ቦታ ፍለጋ ነው። ፈረሱ ገጥቦ ከሆነ፣ ማለትም ጠፍሩ ቆዳውን ልጦት ከሆነ፣ እስኪድን አዲስ ዕቃ አልሸጥም ይላሉ። ባለጋሪዎች ይሰድቧቸዋል። አንዱ፣ «ፈረሱ የእኔ፣ ገንዘቡ የእኔ፣ እርስዎን ምን አገባዎት?» ሲላቸው ሰምቻለሁ። «ጀርባው የእሱ ነው» አሉት።

ሌላው ልማዳቸው የሆድ ማሰሪያው ላይ ነበር። ፈረስ ብልጥ ነው፤ ሲያስሩት ትንፋሹን ይዞ ሆዱን ይነፋል። የማያውቅ ሰው ጠበቀ ብሎ ይተወዋል። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ጠፍሩ ላይ አድርገው፣ ፈረሱ እስኪተነፍስ ድረስ ሌላ ወሬ እያወሩ ይጠብቃሉ። ከዚያ ያስሩና ሁለት ጣታቸውን ከጠፍሩ ሥር ይከታሉ። ሁለት ጣት መግባት አለበት። ሕጋቸው ይህ ነው። ከዚያ የጠበቀ ያገጥባል ይላሉ። በየጠፍሩ፣ በየማሰሪያው፣ ልጓሙ ጉንጩ ላይ በሚያልፍበት ሳይቀር ሁለት ጣት። ከእሳቸው ዘንድ የወጣ ሰው በእንቅልፍ ልቡም ያደርገዋል።

ዳንግላ ውስጥ ባጃጅ በዛ፤ ጋሪም ባይጠፋም ቀነሰ። ምናለ እንጅባራ ሄዶ የራሱን ሱቅ ከፈተ፣ እኔንም ወሰደኝ። እንጅባራ የሚያዋጣው የጋሪ ዕቃ ሳይሆን የበዓል ኮርቻ ነው። በበዓሉ ሰሞን ከየወረዳው ፈረሰኛ ይመጣል፣ ማንም ሰው ፈረሱ ከጎረቤቱ ፈረስ አንሶ እንዲታይ አይፈልግም። የንግድ ፈቃዱ፣ ግብሩ፣ ኪራዩ እንደማንኛውም ሰው አሠቃየን። እሱን እዘለዋለሁ። ሥራው ጥሩ ነበር።

ምናለ ድሮም ያንኮራፋ ነበር። ዳንግላ አንድ ክፍል ስንጋራ እየቀሰቀስኩት አድጌያለሁ ማለት እችላለሁ። ከጊዜ በኋላ ግን ሌላ ነገር መጣ። ሚስቱ እናኑ ናት መጀመሪያ ያስተዋለችው። ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ትንፋሹ ይቆማል፤ ከዚያ እንደሰመጠ ሰው አየር እየሳበ ይነሳል፣ እንደገና ይተኛል። ቀን ቀን ደግሞ እንቅልፍ ይጥለዋል። አንድ ቀን ተኝቶ ወስፌውን መዳፉ ውስጥ ሰካው። እናኑ አስገደደችውና ባሕር ዳር ሄድን።

ሐኪሟ ብዙ ጠየቁት። አስተኝተው አስመረመሩት። በሽታው በእንቅልፍ ጉሮሮው እየተዘጋ ትንፋሹ የሚቆራረጥበት ነው አሉ፤ የእሱ ከባዱ ዓይነት ነው፣ ልብንም ይጎዳል አሉን። በእርዳታ ከመጡ ማሽኖች አንዱን በውሰት ሰጡት። ትንሽ ሳጥን ናት። ቱቦ አላት፤ ቱቦው ጫፍ ላይ አፍንጫን የሚሸፍን ጭንብል አለ፤ ጭንብሉ በላስቲክ ማሰሪያ ከጭንቅላት ጋር ይታሰራል። ማሽኗ ሌሊቱን ሙሉ አየር እየገፋች ጉሮሮው እንዳይዘጋ ታደርጋለች። ባለሙያው አስሮ አሳየን፣ አስፈታን፣ መልሶ አሳሰረን። ሚኒባስ ውስጥ ምናለ ማሽኗን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ «በስተርጅና ልጓም ገባልኝ» አለ። ገና አርባ ዓመት አልሞላውም። ስሟ በዚያው ልጓም ሆኖ ቀረ።

እነዚያ ወራት ጥሩ ነበሩ። በእውነት ጥሩ ነበሩ። ቀን መተኛቱን ተወ። ቁጣው ቀነሰ። እናኑ፣ «ጎረምሳ አገባሁ» እያለች ትስቅበት ነበር። መብራት በማይጠፋ ሌሊት ማሽኗን ሳያደርግ አይተኛም ነበር።

ከዚያ ላስቲኩ ረገበ፤ ማያያዣውም ተሰበረ። ያን ሰሞን መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ኔትወርክም አልነበረም። ባሕር ዳር መሄድም መደወልም አይቻልም። ምናለ ለዚህ አልተጨነቀም። ማሰሪያ መሥራት ሥራው ነው። ለስላሳ የበግ ቆዳ መርጦ፣ ጠርዙን አጥፎ ሰፍቶ፣ በዘለበት የሚጠብቅና የሚላላ ማሰሪያ ሠራ። ከፋብሪካው ይበልጥ ያምር ነበር። ላስቲኩ ጉንጩ ላይ ምልክት ይተውበት ስለነበር፣ «የሰው ፈረስ ሳላገጥብ ኖሬ ራሴ ልገጥብ?» አለና የአዲሱን ማሰሪያ ልክ ሲያወጣ ሁለት ጣቱን ከሥሩ ከተተ። እኔም ከኋላ በኩል ሁለት ጣቴን ከትቼ አየሁለት። ገባ። ጥሩ ነው አልኩት። ቆንጆ ሥራ ነው ብዬም አሰብኩ፤ እስከ ዛሬም ሥራው ቆንጆ እንደነበር ይሰማኛል።

ብዙ ሳይቆይ ዓይኑን ያመው ጀመር። ጠዋት ቀልቶ ይነሳል፣ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረዋል፣ እንባ ያፈሳል። ረፋድ ላይ ይሻለው ነበር፤ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ጉም እንደጋረደው መዋል ጀመረ። ጥቁር ክር በጥቁር ቆዳ ላይ አይታየኝም አለኝ። ስፌቱ መዛነፍ ጀመረ። አንድ ደንበኛ የልጓም ጠፍር መልሶ አመጣበት፤ እንደዚያ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም። ጤና ጣቢያ ሄዶ የዓይን ጠብታ ሰጡት። ከገበያ መነጽር ገዛ። ጥርባ አካባቢ ካለ ጠበል ሄዶ ተጠመቀ። ማሽን እንደሚያደርግ ለማንም አልተናገረም። ማታ አፍንጫ ላይ የሚደረግ ነገር ከዓይን ጋር ምን ያገናኘዋል ብሎ ነው። እኛም አላሰብነውም።

በኋላ ግን ራሱ ደረሰበት። መብራት በጠፋ ማግስት ዓይኑ ንጹሕ ነበር። አንድ ጊዜ አየው፣ ሁለተኛ አየው። ለሦስተኛው እኔንም፣ «ነገ ጠዋት ዓይኔን አይተህ ንገረኝ» አለኝ። አየሁት። ነጭ ነበር። እውነቱን ነገርኩት።

የበዓሉ ሥራ ተከምሮ ነበር። የአዘናው ኮርቻ ገና አልተጀመረም። አንድ ምሽት ቤቱ እራት ስንበላ ማሽኗን ከበዓሉ በኋላ እንጂ አላደርግም አለ። እናኑ እጇን ከትሪው አነሳች።

«ስትተኛ ትንፋሽህ ሲቆም የምሰማው እኔ ነኝ» አለችው። «አንተ አትሰማም። ጠዋት ደህና ነኝ ብለህ ትነሳለህ።»

«ለጥቂት ጊዜ ነው።»

«ሐኪሟ ለልብህ አይደለም እንዴ ያሉት? ሳትጠይቅ አትተው። መንገዱ ይከፈታል።»

«በዓሉ መንገዱን አይጠብቅም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ስሚኝ እናኑ። ዓይኔ ከጠፋ ምን ሆኜ ነው የምኖረው? በሩ ላይ ተቀምጬ ሌላው ሲሰፋ ላዳምጥ? ለዚህ ነው የምተነፍሰው?»

ወደ እኔ ዞረ። እናኑም ዞረች። ሁለቱም የእኔን ቃል ይጠብቁ ነበር። እኔ፣ ማሽኗን ባላደረገ ማግስት ዓይኑ ደህና እንደሚሆን በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። ውሸት አልነበረም። እናኑ ትሪውን አንስታ ሄደች።

ዓይኑም ዳነ። እሱ ያለው ልክ ነበር። በየቀኑ እየጠራ ሄደ፣ ስፌቱ ተመለሰ፣ ቀልዱም ተመለሰ። የቀን እንቅልፉም አብሮ ተመለሰ፤ ግን ለዚያ ማን ትኩረት ይሰጣል? ኮርቻው እያማረ ነበር። እስከዚያ የገበያ ቀን ድረስ እንዲህ ሰነበትን።

በማግስቱ እናኑ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እንደተኛ አገኘችው። ልትቀሰቅሰው ብላ እግሩን ነካች። ሰው ልካ ጠራችኝ። ስደርስ ጎረቤት ሞልቷል። ማሽኗ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ነበረች፣ ቱቦዋ ተጠቅልሎ፣ የቆዳው ማሰሪያ በላይዋ። ልቡ ነው አሉን። በትክክል ምን እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት ሊነግረን አልቻለም።

ቀበርነው። ሣልስቱ ወጣ። ለቅሶ ገና እየመጣ ሳለ መንገዱ ተከፈተ፤ ኔትወርክም ተመለሰ። ከሰዓት በኋላ የምናለ ስልክ እኔ ኪስ ውስጥ ጮኸ። ሐኪሟ ነበሩ። ቀጠሮው ስላለፈ ነው የደወሉት። ከድንኳኑ ወጣ ብዬ ነገርኳቸው። ለምን ተወው ብለው ጠየቁኝ። ስለ ዓይኑ ነገርኳቸው። ጭንብሉ በምን ይታሰር እንደነበር ጠየቁኝ። እሱንም ነገርኳቸው፤ ሁለት ጣት ያስገባ ነበር አልኩ።

«ማሰሪያው ላልቶ አየሩ ከጭንብሉ በላይ በኩል እያመለጠ ወደ ዓይኑ ሲነፍስ ነው የሚያድረው» አሉኝ። «ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ላይ እንደተኛ ሰው ዓይኑ ይደርቃል። በእጅህ ጀርባ ከዓይኑ ሥር ብትይዝ ነፋሱ ይታወቅህ ነበር። ማሰሪያው ሲስተካከል በአብዛኛው ይድናል። እሱ እስኪሆን የሚቀባ ቅባትም አለ።»

«ማሽኗንም ዓይኑንም ይዞ መኖር ይችል ነበር?» አልኳቸው።

«ይመስለኛል» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ ሌላም የዓይን በሽታ ከዚህ ሕመም ጋር ሊመጣ ስለሚችል ሳያዩት በእርግጠኝነት መናገር እንደማይችሉ ነገሩኝ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም አሉ። ማሽኗን የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉም፣ እያዘኑ፣ ነገሩኝ።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ጋሽ ሰይድ ከዳንግላ መጥተዋል። መንገዱ እንደተከፈተ በመጀመሪያው መኪና ነው የመጡት። አርጅተዋል፤ ሁለት ሰው ደግፎ አስቀመጣቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጄን ይዘው ብዙ ቆዩ።

«ምን ነካብኝ ልጄን?» አሉ።

«ልቡ ነው፣ ጋሽ ሰይድ።»

«እጁ ከእኔ እጅ ይበልጥ ነበር። ለእሱ አልነገርኩትም እንዳይኮራ ብዬ። አንተ ነገርከው?»

አልነገርኩትም አልኳቸው። የቀረውን ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም። ሁለት ጣት የሳቸው ሕግ ነው፤ ስንት ፈረስ አድኗል። ሰው ሊያጽናና የመጣ ሽማግሌን እንዲህ ያለ ነገር አሸክሞ መመለስ አልሆነልኝም። አሁን በሕይወት የሉም። ስለዚህ ነው የምጽፈው። ጠፍር በያዝኩ ቁጥር ጣቶቼ ራሳቸው ከሥሩ ይገባሉ፤ ሥራውን ለመተው ሌላ ምክንያት የለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ማሽኗን በፌስታል ጠቅልዬ የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝኩ። እናኑ፣ ከለቅሶ ቤት ወጥተህ ወዴት አላለችኝም። ባሕር ዳር ሆስፒታሉ ውስጥ ትንሽ ክፍል አለች። ባለሙያው ማሽኗን ከፍቶ አጸዳት፣ አዲስ ጭንብልና አዲስ ላስቲክ አደረገላት። እኔ ፈርሜ መሄድ ነበረብኝ። አግዳሚው ላይ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ተቀምጠው ነበር፤ ከዱርቤቴ በኩል የመጡ ናቸው። ማሽኗ ለእሳቸው ነበረች። አልሄድኩም።

ባለሙያው አሰረላቸውና አስጀመራት። ከዚያ ስልክ ተደውሎለት ወደ ኮሪደሩ ወጣ። እናትየዋ ፊታቸውን አኮማተሩ።

«ጠበቀኝ፣ አላሊልኝ» አሏት ልጃቸውን። ልጅቷ አላላችላቸው። «ተባረኪ፣ አሁን ተነፈስኩ።»

ተነስቼ አጠገባቸው በርከክ አልኩ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩና የእጄን ጀርባ ከዓይናቸው ሥር ያዝኩ። ነፋሱ እጄን መታው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ትንሽ ነው፣ ግን አያቋርጥም።

«ምንድነው እሱ?» አለችኝ ልጅቷ።

ዓይናቸውን የሚያደርቀው ይህ እንደሆነ ነገርኳት። ጠዋት ዓይናቸው ቢቀላ፣ ቢቆረቁራቸው፣ ማሽኗን እንዳታስተዋቸው፣ ደውላ እንድትጠይቅ ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ነገርኳት። እናትየዋ፣ «ዓይኔ እንደሆነ ድሮም ደካማ ነው ልጄ፤ አንተ ሐኪም ነህ?» አሉኝ።

«አይደለሁም። ኮርቻ ሰፊ ነኝ» አልኩ።

ላስቲኩን ጥቂት ሳብኩት። እጄን መልሼ ያዝኩ፤ ነፋሱ ሳስቷል እንጂ አልቆመም። ጥቂት ጨመርኩ። እንደገና ያዝኩ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይተነፍሳሉ፤ ማሽኗ ቀስ ብላ ትገፋለች። ከዓይናቸው ሥር ምንም አልነበረም።

እጄን ቶሎ አላነሳሁም።